ውጤቱ ይለጠፍ

መስከረም 24 ቀን

ለውድ አጎቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ ተሻለዎት? እኔና እማዬ ደህና ነን። «ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለን የለም» ብዬ እንዳልጽፍ ግን ዘንድሮ የጎደለን ብዙ ስለሆነ ውሸት ይሆንብኛል። እድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልዎ የልብስ ሰፊው ጎረቤታችን እህት ናት። በስልክ እንዳላወራዎት እማዬ ከልክላኛለች፤ «ስልክ ጆሮ አለው» ትላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክረምቱ የውሃ መሥሪያ ቤቱ አርባ ቴክኒሻን እቀጥራለሁ ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። እንደሚያውቁት እማዬ እዚያው መዝገብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች፤ እኔም በቧንቧ ሥራ ከተመረቅሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ለአርባው ቦታ ከሦስት ሺህ ሰው በላይ ተመዘገበ። ፈተናውን ያወጣውና ያረመው የቴክኒክ ኮሌጁ ነው፤ የተፈተንነው በስፖርት አዳራሽ ወለል ላይ ወንበር ተደርድሮልን ነው። ከአጠገቤ የነበረችው ልጅ ጡት የምታጠባ ናት፤ ሕፃኑን ለእናቷ አስይዛ በር ላይ አቁማቸው ነበር። ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ጸጉሩ ሸብቷል። ፈታኙ «ማስታወቂያው ወጣቶች ነው እኮ የሚለው» ቢለው፣ «እኔም ስመረቅ ወጣት ነበርኩ» ብሎ አዳራሹን አሳቀው።

ከሰባት ሳምንት በኋላ የአርባ ሰው ዝርዝር በሩ ላይ ተለጠፈ። ስም ብቻ ነው፤ ማን ስንት እንዳመጣ አይልም። የእኔን ስም ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ፈልጌ አጣሁት። ያበሳጨኝ እሱ አይደለም፤ አሥራ ሁለተኛው ስም ነው። የሥራ አስኪያጁ ባለቤት የአክስት ልጅ ነው። በፈተናው ዕለት ሌላ ከተማ ሰርግ ላይ ሚዜ ነበር፤ ሙሉ ልብስ ለብሶ ሲጨፍር የተነሣውን ፎቶ በዓይኔ አይቻለሁ።

አጎቴ፣ ደክሞኛል። ሃያ አምስት ዓመት ሞልቶኝ የታክሲ ከእማዬ እቀበላለሁ። «ነገ የእናንተ ነው» ይሉናል፤ ዛሬን ማን እንደያዘው ግን አይነግሩንም። ከዚህ ቀደም «መውጣት ከፈለግሽ ወጪሽን እችላለሁ» ብለውኝ ነበር። አሁን ፈልጌያለሁ።

እማዬ ሰላም ብላለች። ማለቴ፣ «ሰላም ልበልልሽ?» ብዬ ጠይቄያት ራሷን ነቀነቀች፤ እንደ ሰላምታ ቆጥሬዋለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 19 ቀን

ለልጄ ለቧንቧዬ፣

ሰላምታዬ ከደጃፋችሁ ጀምሮ እስከ ጓዳችሁ ይግባ። ክፉ አይንካችሁ። እኔ አለሁ፤ ወገቤም አለ፣ መኖሩን በየሰዓቱ ያስታውሰኛል።

አሁንም የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነኝ። አንሶላው ከማድረቂያው ሲወጣ እጅ ይፋጃል። ሁለት ሆነን ጫፍና ጫፉን ይዘን እናጥፋለን። አብራኝ የምታጥፈው ሴትዮ የእኔን ቋንቋ አታውቅም፣ እኔም የእሷን። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልተጣላንም፤ ምናልባት ምስጢሩ እሱ ይሆናል።

የምችለውን ልኬልሻለሁ። ፓስፖርትሽን አውጪ፤ የቀረውን ደግሞ ቀስ እያልኩ እሞላዋለሁ። እስከዚያ አንድ አደራ አለኝ። ልጆች መሥሪያ ቤቱ በር ላይ መሰብሰብ ጀምረዋል ሲባል ሰምቻለሁ። እንዳትሄጂ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። የምትበሉት ከዚያ ቤት በሚወጣ ደመወዝ ነው፤ የእናትሽን ፊት አስቢ። አርባ ሰው ተቀጠረ አልተቀጠረ አገር አይለወጥም። አንቺ ግን ትጎጂያለሽ።

ለእናትሽ፣ ለእትዬ፣ ሰላም በይልኝ። ካልተመቻት አትንገሪያት።

አጎትሽ


ኅዳር 8 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

የሰጠ እጅዎ አይጉደል። ገንዘቡ ደርሶኛል፤ ባንክ አስገብቼዋለሁ። ፓስፖርት ግን አላወጣሁም። ምክንያቱን ልንገርዎና ከዚያ ይቆጡኝ።

«እንዳትሄጂ» ያሉኝ ደብዳቤ የደረሰኝ ሄጄ ከመጣሁ በኋላ ነው።

የጀመረችው ያቺ ሕፃኗን አስይዛ የተፈተነችው ልጅ ናት። የፈተና መግቢያ ካርዷን በመርፌ ቁልፍ ደረቷ ላይ ሰክታ መጣችና የመሥሪያ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ዘበኛው «ምን ፈለግሽ?» አላት። «ስንት እንዳመጣሁ» አለችው። ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣትም። በነጋታው ሰባት ሆኑ፤ በሳምንቱ ደረጃው አልበቃ አለ። ሁሉም ካርዱን ደረቱ ላይ ሰክቷል። እሷን ባለ ካርዷ እንላታለን። እኔ የሄድኩት በዘጠነኛው ቀን ነው።

አብረን ተቀምጠን ስንውል ሰው ሁሉ ለምን እንደመጣ መጠያየቅ ጀመርን። አንዱ አክስቱ ቤት ሶፋ ላይ አራት ዓመት እንደተኛ ነገረኝ፤ ሲገላበጥ የአክስቱን እንቅልፍ እንዳይረብሽ በአንድ ጎኑ መተኛት ለምዷል። አንዷ ዲግሪዋን ደብቃ በጽዳት ተቀጥራለች። ሸበቶው ሰውዬም አለ። «ልጄ ‹አባዬ፣ ስንት አመጣህ?› እያለ ይጠይቀኛል፤ የምመልስለት የለኝም» አለኝ። አጎቴ፣ የሚያንገበግበን ድህነቱ ብቻ አይደለም። ድህነቱንማ አብረን አድገን እንተዋወቃለን። ብታጠናም ባታጠናም፣ ብትለፋም ብትተኛም መጨረሻው አንድ መሆኑ ነው። ያኔ ሰው ራሱን መጠርጠር ይጀምራል። ሰነፍ ነኝ ወይስ ተሰርቄያለሁ? ይህን እንኳ ማወቅ አልቻልንም።

ዲናሞ የምንለው የፓምፕ ኤሌክትሪክ የተማረ ልጅ አለ፤ ሲናገር ቶሎ ስለሚሞቅ ነው ስሙ የወጣለት። ጥያቄዎቻችንን የሚጽፈው እሱ ነው። አንዱ ሥራ አስኪያጁ ይውረድ ይላል፣ አንዱ የቤት ኪራይ ይቀነስ፣ ሌላው ከላይ እስከ ታች ሁሉም ይቀየር። አሥራ አንድ ጥያቄ ሆኗል። በስድስተኛውና በሰባተኛው ተጣልተን አሁን የምንቀመጠው ሁለት ቦታ ነው፤ ከፊሉ ደረጃው ላይ፣ ከፊሉ አጥሩ ሥር።

እማዬ ጠዋት ጠዋት በመሃላችን አልፋ ቢሮዋ ትገባለች። እንዳላየ ሰው ነው የምታልፈኝ። ቤት ስንገናኝ «አንድ ይበቃናል» አለችኝ። «አንድ ምን?» ስላት ሳህን ማጠብ ጀመረች። የታጠበውን ሳህን።

እርስዎ ከአገር የወጡት ለሥራ ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። እውነት ነው? ከእንግዲህ ገንዘብ አይላኩልኝ፤ የዚህን መልስ ይላኩልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 27 ቀን

ለአጎቴ፣

ደህንነትዎን እመኛለሁ። ደብዳቤዬ ደርሶዎት ይሆን? ሰባት ሳምንት አለፈው።

ኔትወርክ ተቋርጦ ሰንብቷል። አጥሩ ሥር ከሚቀመጡት አንዱ ድንጋይ ወርውሮ መስኮት ሰበረ፤ በዚያው ቀን ዲናሞንና ሌሎች አሥራ ስምንት ልጆችን ወሰዷቸው። ዲናሞ ያን ሰዓት ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ብርቱካን ይልጥ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። በዘጠነኛው ቀን ተለቀቁ። ከስቷል፤ ድምፁ ቀዝቅዟል። ደረጃው ላይ አሁን ከሠላሳ አንበልጥም።

ተቆጥተውኝ ከሆነ ተቆጥቻለሁ ብለው ይጻፉልኝ። ዝምታው ከበደኝ።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 15 ቀን

ለቧንቧዬ፣

ፈጣሪ ከነጓደኞችሽ ይጠብቅሽ። አልተቆጣሁም። ደብዳቤሽን ቱታዬ ኪስ ውስጥ ይዤው ሥራ እገባለሁ፣ ይዤው እወጣለሁ። መልስ ለመጻፍ እቀመጥና «ከሁሉ አስቀድሞ» ከሚለው አላልፍም።

ለሥራ አይደለም የወጣሁት።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ። እኛም እንደ እናንተ ወጣን። መጀመሪያ የመኝታ ቤታችን ጣራ ስለሚያፈስ ነበር። ከዚያ ስለ ጣራው ተናግረው ስለተባረሩት ሦስት ልጆች። ከዚያ ስለ ዓለም በሙሉ። ምን እንደምናፈርስ አሳምረን እናውቅ ነበር፤ ምን እንደምንሠራ ስንጠየቅ ግን ከመጽሐፍ እናነባለን። በአንዲት ቃል ትርጉም ተጣልተን፣ አንድ ብርድ ልብስ የተጋራን ልጆች ሰላምታ ተውን። ሊበትነን የመጣው ሰው ብዙም አልደከመ፤ ተበትነን ነው የጠበቅነው።

ተያዝኩ። በአራተኛው ወር አንድ ወረቀት አቀረቡልኝ። «በጓደኞቼ ተገፋፍቼ አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ይላል። አልፈርምም አልኩ። በማግስቱ እትዬን አስገቧት። አባታችን በጠና ታሞ ነበር። እስክሪብቶውን ያቀበለችኝ እሷ ናት። «ፈርመህ ውጣ፣ ሳያይህ አይሙት» አለችኝ። ፈረምኩ። ጽሑፉ ከነስሜ በሬዲዮ ተነበበ። ጓደኞቼ ገና እስር ቤት ነበሩ፤ እዚያም ሬዲዮ አለ። አባባ አየኝ፤ በሳምንቱ አረፈ። ከቀብሩ በኋላ የሰው ዓይን ማየት አቃተኝና አገሩን ጥዬ ሄድኩ።

ለእትዬ ከዚያ ወዲህ በቀጥታ ጽፌላት አላውቅም። የተቆጣሁባት ይመስላታል፤ እኔም ዝም ስል ዝምታው አረጀብኝ። ንገሪያት። እስክሪብቶውን ብታቀብለኝም የፈረመው እጅ የእኔ ነው። ለአባባ ብዬ በመውጣቴ አልጸጸትም። የሚቆጨኝ «ተገፋፍቼ» የምትለዋ ቃል ናት። ማንም አልገፋኝም። አምኜበት፣ በእግሬ ነው የወጣሁት።

አሥራ አንድ ጥያቄ አለን ያልሽውን ደጋግሜ አሰብኩት። ሁሉም እውነት ይሆናል። ግን ገበያ የምትሄድ ሴት በአንድ ትንፋሽ የማትለውን ጥያቄ ሹም በዓመትም አይመልሰውም። ያቺ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ለዘበኛው ያለችውን አስቡት። እሷ አንድ ነገር ነው የጠየቀችው፤ የማይገባው ሰው የለም። ድንጋዩንም ተዉት። ድንጋይ የተወረወረ ዕለት ስለ ፈተናው መወራቱ ቀርቶ ስለ ድንጋዩ ይወራል።

እንዳትሄጂ ብዬሽ ነበር፤ ቃሌን አንሥቻለሁ። ሂጂም አልልሽም። ሩቅ ተቀምጦ የሰው ልጅ ወደ እሳት የሚልክ ሰው መሆን አልፈልግም። ተጠንቀቂ ብቻ።

አጎትሽ


የካቲት 21 ቀን

ለውድ አጎቴ፣

ደብዳቤዎን ለራሴ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አራተኛውን ለእማዬ። ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። «የፈረመው እጅ የእኔ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ ቆመች።

«እስቲ ድገሚው» አለች።

ደገምኩት። «ሠላሳ አንድ ዓመት» አለች። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እኔ ያባረርኩት መስሎኝ።» ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ካውያው ሸሚዙ ላይ ቀርቶ ኮሌታውን በላው። የቢሮ ሸሚዟ ነው፤ ቀና ብላም አላየችው።

ምክርዎን ደረጃው ላይ ሆኜ ለሁለቱም ወገን አነበብኩላቸው፤ የእርስዎን ታሪክ ትቼ ምክሩን ብቻ። ዲናሞ የድሮ ሙቀቱ ተመለሰለት። «እና አሥሩን ጥያቄ ልንበላው ነው?» አለ።

«ማን ይበላዋል? ወረፋ እናስይዘዋለን» አለችው ባለ ካርዷ።

ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ አጥሩ ሥር የነበሩት ተነሥተው መጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ሁለት ቃል ብቻ ጻፍን፤ «ውጤቱ ይለጠፍ።» አጎቴ፣ እንደዚያ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ፈተናውን ያልተፈተነ ሰው ሁሉ ገባው። የታክሲ ረዳቶች ሰው ሲያወርዱ «ይለጠፍ» ማለት ጀመሩ። የሠላሳችን ቁጥር መቶ አለፈ፣ ከዚያም እናቶች መጡ፤ የየልጆቻቸውን ካርድ ሰክተው።

ኮሌጁ «ውጤቱን ለቀጣሪው አስረክቤያለሁ፤ ማውጣት የእሱ ሥራ ነው» ብሎ ነበር። ባለፈው ሐሙስ የከተማው ምክር ቤት ሰዎች በተፈተንበት አዳራሽ ስብሰባ ጠሩ። ሥራ አስኪያጁ ተነሡና ረጋ ብለው፣ «ከኮሌጁ የደረሰን የአላፊዎች ስም ብቻ ነው። የውጤት ዝርዝር የሚባል ነገር መሥሪያ ቤታችን አልገባም» አሉ።

እማዬ ከሠራተኞቹ ጋር ከኋላ ተቀምጣ ነበር። እንደ ተማሪ እጇን አወጣች። ኮሌታው የተቃጠለውን ሸሚዝ በሻርፕ ሸፍናዋለች።

«ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ገብቷል» አለች። «ነሐሴ 29 ቀን ከቀትር በኋላ፣ በታሸገ ፖስታ፣ ዘጠና አራት ገጽ። የገቢ ቁጥሩ አራት ሺህ ሁለት መቶ ሰባት ነው። ፈርሜ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ፈርመው የወሰዱት እርስዎ ነዎት። በኋላ ቁጥሩን ሰርዥው ብለውኛል፤ አልሰረዝኩትም።»

ሥራ አስኪያጁ ውሃ ጠጡ። «መዝገብ ሊሳሳት ይችላል» አሉ።

«ይችላል። የእኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የተሳሳተ መስመር ካለ ያሳዩኝና አብረን እናርመው።»

ሸበቶው ሰውዬ ተነሥቶ ቆመ። ከዚያ ባለ ካርዷ ሕፃኗን ታቅፋ። ከዚያ ወንበሩ ሁሉ እየተንኳኳ ሰው ሁሉ ቆመ። ማንም አልጮኸም። የምክር ቤቱ ሰብሳቢ መዝገቡ እንዲመጣ አዘዙና መስመሩን ከነፊርማው አነበቡት። መሥሪያ ቤቱ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ውጤቱን ከነነጥቡ እንዲለጥፍ ተወሰነ።

በማግስቱ እማዬን ከመዝገብ ቤት አንሥተው አሮጌ ቆጣሪ የሚከማችበት መጋዘን ውስጥ አስቀመጧት። ትፈራለች፤ አልዋሽዎትም። ማታ ራት ላይ «ተጸጸትሽ?» ብላት፣ «ቀደም ብዬ ባደርገው ሸሚዜ ይተርፍ ነበር» አለችኝ።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 12 ቀን

ለእትዬ፣

እንዴት ነሽ? እግዚአብሔር ይመስገን እኔ ደህና ነኝ። ይህን መጻፍ ሠላሳ አንድ ዓመት ፈጀብኝ፤ ስጽፈው ግን አንድ ደቂቃ ነው የወሰደው።

ልጅሽ ሁሉን ነገር ጽፋልኛለች። ያልሽውን በአዳራሹ መሃል ቆሜ እንደሰማሁት ሆኖ ተሰማኝ። አብራኝ ከምትሠራው ሴትዮ ጋር አንሶላ ስናጥፍ ቆምኩባት፤ «ምን ሆንክ?» በሚል ዓይን አየችኝ። ሰሞኑን ጠይቄ በተማርኳት ሁለት ቃሏ «እህቴ፣ ጀግና» አልኳት። የተረዳችው ምን እንደሆነ እንጃ፣ ሳመችኝ።

የእኔን ወሬ ደግሞ ስሚ። የማድረቂያው ክፍል ሁለት በር አለው፤ አንዱ ዓመቱን ሙሉ በሰንሰለት ተቆልፏል። ባለፈው ወር አንድ ማሽን ጭስ ሲያወጣ በአንዷ በር ተጋፍተን ወጣን። ከእኛ ጋር የሚሠሩ ወጣቶች ሰንሰለቱ ይፈታ የሚል ወረቀት ይዘው ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ። የእኛ እኩዮች «ሥራችንን ታሳጡናላችሁ» እያሉ ሸሿቸው። እኔማ ከእስር ቤቱ ወረቀት ወዲህ ከደመወዝ ወረቀት በቀር ሌላ ፈርሜ አላውቅም። ለእኔም አቀረቡልኝ። መጀመሪያ ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር አስነበብኳቸው፤ ያላልኩት ቃል እንዳይኖርበት። የለበትም። ፈረምኩ። ሴትዮዋም ከሥሬ ፈረመች። ሰንሰለቱ ገና አልተፈታም፤ የበላይ ኃላፊው ግን መጥቶ በሩን ለክቶ ሄዷል።

ልጆቹ ምን ፈልገው ነው እያልን እናማርራለን እትዬ። የሚፈልጉት የሚከፈት በር ነው።

ከመጋዘኑ ወጣሽ? ልጅቷ ሳትሆን አንቺ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 9 ቀን

ለወንድሜ፣

በዚህ እጅ ጽሑፍ የምጽፈው እኔ ነኝ። ደህና ነኝ። መጋዘኑ ውስጥ ስድስት ሳምንት ቆየሁ፤ ልጆቹ በየቀኑ ምሳ ሰዓት በሩ ላይ መጥተው ሰላም ይሉኝ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ሲሰለቸው ወደ ቦታዬ መለሰኝ። አዲሱ ኃላፊ መዝገቡን አንድ በአንድ ሲያገላብጥ ዋለ፤ ስህተት አላገኘም። እስክሪብቶውን ስሰጥህ እኔም እጄ ተንቀጥቅጦ ነበር። እንዳታይ ነው ፈጥኜ ያቀበልኩህ። በል እንግዲህ፣ የቀረውን ልጅቷ ትጨርሰው፤ እኔ የለመድኩት ቁጥር መጻፍ ነው።

አጎቴ፣ ከዚህ በታች እኔ ነኝ። ይህችን አምስት መስመር ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድዳለች።

ተለጠፈ። መጋቢት 20 ቀን፣ ጠዋት፣ ዘጠና አራቱም ገጽ። ከበሩ ጀምሮ አጥሩን ዞሮ እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ ሄደ። ሰው ዝናብ እንዳያበላሸው ላስቲክ ይዞ መጣ። ቀድሞ ከተለጠፉት አርባ ስሞች ውስጥ ሃያ ሰባቱ በነጥብ ከመጀመሪያዎቹ አርባ ውስጥ አልነበሩም፤ ሰባቱ ጭራሽ አልተፈተኑም። ሚዜውም ከሰባቱ አንዱ ነው። ሥራ አስኪያጁ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወሩ እንጂ አልተጠየቁም። ይህም ያበሳጫል፤ ዲናሞ ወረፋ ካስያዝናቸው ጥያቄዎች ሁለተኛውን ጠርቶ እሱን እየጻፈ ነው። በዚህኛው ላይ እስካሁን የተጣላነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ባለ ካርዷ ዘጠነኛ ወጣች። ተቀጥራለች፤ ቱታው ሰፍቷት ልብስ ሰፊው እያጠበበላት ነው። ሸበቶው ሰውዬ ሠላሳ ሦስተኛ ነው። ልጁን ይዞት መጣና ከፍ አድርጎ አንሥቶ ቁጥሩን በጣቱ አስነካው። ዲናሞ ሁለት መቶ አራተኛ። «ዘጠኝ ቀን የታሰርኩት ለዚህ ነው?» ብሎ ራሱ ቀድሞ ሳቀ።

ራሴን ገጽ ሁለት ላይ አገኘሁት። ስልሳ አንደኛ።

እማዬ ከመጋዘኑ ወጥታ አጠገቤ ቆመች። ቁጥሩን አየች፣ እኔን አየች። ምን ልትለኝ እንደሆነ ጨንቋታል። «ምን ተሰማሽ?» አለችኝ።

አሥራ ሁለተኛውን ስም ያነበብኩ ቀን እንደ ድንጋይ ልቤ ላይ የወደቀው ነገር አልነበረም። ቆጨኝ እንጂ አላቃጠለኝም። የመስመር ዝርጋታው ላይ ጥሩ ሠርቻለሁ፤ የፓምፑን ክፍል ነው የሳትኩት፤ ነጥቡ ለየብቻ ተጽፏል። «ወድቄያለሁ እማዬ» አልኳት። «ማንም ግን አልጣለኝም።»

በኅዳር ሌላ ፈተና ይወጣል ተብሏል፤ ውጤቱ ከነነጥቡ እንደሚለጠፍ ከአሁኑ ማስታወቂያው ላይ ተጽፏል። ፓስፖርቱን እስከዚያ ትቼዋለሁ። ባለ ካርዷ ከሥራ ስትወጣ በየቀኑ አንድ አንድ ሰዓት ፓምፕ ታስጠናኛለች። ሕፃኑ ጭኔ ላይ ተቀምጦ ወረቀቴን ይጎትታል። ትናንት ገጽ አሥራ አራትን ቀደደው፤ ነገ ከእሷ ደብተር እገለብጠዋለሁ።

እድሜ ይስጥልኝ። ሰንሰለቱ ሲፈታ ይጻፉልን።

የእህትዎ ልጅ